በቀይ ሰም የታሸገ ወተት

መቶ አለቃ ወልደዮሐንስ የቡሌን ጭቃ ከጫማው ሳያራግፍ ሰኞ ጠዋት ቢሮውን ሲከፍት፣ ጠረጴዛው ላይ የሞተች ድመት ጠበቀችው።

ጥለት ባለው ነጠላ ተጠቅልላለች። ዓይኖቿ አልተከደኑም። ከጎኗ አፉ በቀይ ሰም የታሸገ የአረቄ ጠርሙስ ቆሟል፤ እስከ ግማሹ ወተት አለበት። ከጠርሙሱ ሥር ደግሞ ስምንት ገጽ መዝገብ ተቀምጧል። የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው።

«ደበበ! ይኼ ምንድን ነው?»

ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ደበበ ከበረንዳው ሮጦ ገብቶ ሰላምታ ሰጠ።

«ኤግዚቢት ነው ጌታዬ። የግራዝማች ሠረቀብርሃን ድመት ናት። ዛሬ ሊነጋ ሲል አረፈች።»

«አረፈች?»

«ሞተች።»

«ነጠላውስ?»

«ወይዘሮ የትምወርቅ ናቸው የገነዟት።»

ወልደዮሐንስ ቆቡን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ በእጁ እንደያዘ ቆመ። አምስት ቀን ሙሉ ቡሌ ላይ አንድ የተሰረቀ በቅሎ ሲፈልግ ነበር የሰነበተው። እሱ በሌለበት ዲላ ውስጥ አንድ የመግደል ሙከራ ተፈጽሞ፣ ተመርምሮ፣ ተጠናቆ ጠበቀው። መዝገቡን እንደቆመ አነበበ።

ግራዝማች ሠረቀብርሃን ከዲላ እስከ ኢዲዶ የቡና መሬት ያላቸው ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ ሁለት፣ ሚችሌ ላይ ጭሰኛና ባለመሬት ደም ከተፋሰሱ ወዲህ እመረዛለሁ የሚል ፍርሃት ይዟቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚጠጡትን ወተት አስቀድመው ለድመት ያስልሳሉ። ቅዳሜ ዕለት ሽብሩ የሚባለው የቤቱ አላቢ ወተቱን አቀረበ፤ ድመቷ ሁለት ሦስቴ ላስ ላስ አድርጋ እግራቸው ሥር አስታወከች። ግራዝማች ብርጭቆውን ወርውረው «ያዙት!» አሉ፤ በቅሉ የቀረው ወተት ለማስረጃ ታሸገ። በዚያው ወር በዚያው ሳሎን ሌሎች ሁለት ድመቶች ሞተዋል። የሽብሩ ታላቅ ወንድም ቡሌ ላይ የግራዝማች ጭሰኛ ሲሆን፣ ከመሬቴ ሊነቅሉኝ ነው ብሎ ከስሷቸዋል። ለወንጀሉ መነሻ የሆነው ይኸው ክስ ነው። ታሳሪው ዓርብ በጭነት መኪና ወደ ይርጋለም ይላካል፤ እዚያ በመግደል ሙከራ ይከሰሳል።

«ሁለት ቀንም አልፈጀባችሁ።»

«ግራዝማች ራሳቸው ናቸው ያፋጠኑት። እስከ ገዥው ጽሕፈት ቤት ሄደዋል።»

«ቢፈረድበት ምን ያገኛል?»

«ዕድሜ ልክ ካገኘ ዕድለኛ ነው ይላሉ።»

«ወተቱ መርዝ እንዳለበት ማን መረመረ?»

ደበበ ጥያቄው ግራ አጋባው። ጠረጴዛውን በአገጩ አመለከተ።

«ድመቷ።»

ወልደዮሐንስ መዝገቡን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልፈረመም።

*

ሽብሩ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ጌዴኦ ነው። የእስር ክፍሉ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበር፤ መቶ አለቃውን ሲያይ ብድግ አለ። እጆቹ ሰፋፊና ለስላሳ ናቸው፤ የላም ጡት የለመዱ፣ ቅቤ የጠገቡ እጆች።

«ወተቱን እንዴት እንዳቀረብክ ንገረኝ።»

«እንደ ወጉ ነው ጌታዬ። አለብኩ፣ አጠለልኩ፣ ሳሎን ገባሁ፣ እንደ ወጉ አድርጌ ሰጠሁ።»

ወልደዮሐንስ መዝገቡን አየ። እዚያም የተጻፈው ይኸው ነው፤ «እንደ ወጉ አቀረብኩ ብሏል።» አለፈው።

«በመንገድ ላይ ሰው ነክቶታል?»

«ማንም አልነካ።»

«ወንድምህ ግራዝማችን ከስሷል አይደል?»

«ከስሷል። እሱ መሬት አለው፣ ከሰሰ። እኔ ላም ነው የማልብ።»

«ላም የሚያልብም መርዝ ይገዛል» አለ ደበበ ከበሩ።

ሽብሩ ወደ መቶ አለቃው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጌታዬ፣ አሁን ላሞቹን ማነው የሚያልባቸው? ዳልቻዋ ሌላ ሰው ከነካት ትራገጣለች። ካልታለበች ደግሞ ጡቷ ያብጣል።»

*

የግራዝማች ሳሎን መስኮቶቹ ሁሉ የተዘጉ፣ ምንጣፍ የለበሰ ሰፊ ክፍል ነው። ሽታው ገና ከደጅ ይቀበላል፤ ከባድ፣ ጣፋጭ፣ ራስ የሚያዞር የአበባ ሽታ። ከመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሦስት የሸክላ ማሰሮዎች ተደርድረዋል፤ በየማሰሮው ቁመቱ ክንድ የሚያህል ተክል፣ በየተክሉ ጫፍ እንደ ጥሩንባ አፍ የተከፈቱ ነጫጭ አበቦች። ከአበቦቹ ጎን የተቀነጠሱት በብርጭቆ ውኃ ቆመዋል። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ግራጫ ግልገል ድመት በጅራቷ ትጫወታለች።

«አዲስ ናት?» አለ ወልደዮሐንስ።

«ትናንት ከኢዲዶ አስመጣኋት» አሉ ግራዝማች። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ በከዘራቸው መሬቱን ይመታሉ። «ያለ ድመት ወተት አልጠጣም። ድሮ የሰው ቅምሻ ይበቃን ነበር። ከሃምሳ ሁለት ወዲህ ሰው ማመን ትቻለሁ።»

«ድመቷ ከሳሎን አትወጣም?»

«እንዴት ትወጣለች? ከወጣች ያገኘችውን ትበላለቻ! ያኔ ምን ገደላት ትላለህ? እዚሁ ተቆልፎባት ከእመቤቲቱ እጅ ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው የምትበላው። ሌላ ወደ አፏ የሚገባ ነገር የለም፤ ወተቱ ብቻ። ገባህ?»

ገብቶታል። ሒሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ ከሥጋና ከወተት በቀር አፍ የሚቀምሰው ነገር ከሌለ።

ወይዘሮ የትምወርቅ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ቀለበታቸውን ያዞራሉ። ጥያቄ ሲመጣ በአጭሩ ይመልሳሉ። ድመቷ መቼ ታመመች? ቅዳሜ፤ ወተቱን እንደላሰች። ከዚያ በፊትስ? ደህና ነበረች። ወልደዮሐንስ ግልገሏን ሊያይ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ሲል ወይዘሮዋ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አደራ፣ አበባው እንዳይነካ!»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከአዲስ አበባ።»

ሲወጣ የካኪ ሸሚዙ እጅጌ ላይ ቢጫ ዱቄት አየ። እርድ መሰለው። በምራቁ አርሶ ቢያሸው ባሰበት እንጂ አልለቀቀም።

*

ማክሰኞ የግራዝማች ጸሐፊና የመጋዘን ኃላፊ ወደሆነው ወደ አቶ ከፈለኝ ሄደ። ከፈለኝ ምስክርነቱን ገና ሳይጠየቅ ሰጠ።

«ሽብሩ ሐሙስ እዚህ ገብቷል። የአይጥ መድኃኒቱ መደርደሪያ ሥር አይቼዋለሁ።»

«ምን ሊሠራ?»

«ገመድ ሊወስድ ነው አለ። ለላሞቹ።»

«ገመድ ወሰደ?»

«ወስዷል» አለ ከፈለኝ ቅር እያለው።

መድኃኒቱ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው። ክዳኑ ሲነሣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫ ይሰብራል። ወልደዮሐንስ ቆርቆሮውንና ገና ያልተቀበረችውን ድመት ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ የሕክምና ረዳቱን፣ ድሬሰሩን፣ አስጠራ። ድሬሰሩ በአፍንጫው አፏን፣ በጣቱ ጥርሷን መረመረ።

«ይኼን የበላ እንስሳ ሞቶም ይሸታል። እሷ አትሸትም» አለ። «ደግሞ ይኼ በሰዓታት ነው የሚገድለው። የእናንተዋ ግን ስንት ቀን ታመመች?»

ቅዳሜ ታማ ሰኞ ሞታለች። ለዚህ መድኃኒት በዛ። ወተቱ ውስጥ የገባው ሌላ መርዝ ከሆነ ግን በስንት ቀን እንደሚገድል የሚያውቅ የለም።

ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። የቡና ጆንያዎቹ ላይ ሁለት የደለቡ ድመቶች ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የመጋዘኑ ናቸው። አይጥ ይጠብቁልኛል። የሚጠብቁ ከሆነ!» ከፈለኝ በምላሱ ጠቅ አደረገ። «አጥግቦ ያበላሻቸው ያው ሽብሩ ነው። በየጠዋቱ ሳሎን ሲሄድ ከቅሉ ጠብ ያደርግላቸው ነበር። የጌታውን ወተት!»

ወልደዮሐንስ ወደ ድመቶቹ ዞረ።

«ቅዳሜስ?»

«በየቀኑ አልኩህ እኮ።»

ደበበ ሲመለሱ በመንገድ ላይ፣ «ምናልባት ለእነዚያ ከሰጠ በኋላ ይሆናል መርዙን የጨመረው» አለ።

«ይሆናል። ከመጋዘኑ ሳሎኑ ድረስ ስንት እርምጃ ነው?»

«ሠላሳ ቢሆን።»

«ከነቅሉና ከነብርጭቆው፣ በግቢ መሐል፣ ሁሉ እያየው። ከየት አውጥቶ በየትኛው እጁ ነው የጨመረው ደበበ?»

ደበበ ሁለት እጆቹን ቅልና ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ዘርግቶ እያየ እስከ ጣቢያው ተከተለው።

*

ረቡዕ ቀትር ላይ የሽብሩ ሚስት አሰፋች እንደ ወትሮው ምሳ ይዛ መጣች። እሷም የግራዝማች ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባሏ በታሰረበት ዕለት ተባራለች። ደበበ ጥቅሏን ሊፈትሽ ተቀበላትና ጮኸ።

«ጌታዬ! ይምጡና ይመልከቱ! ቆጮ በምን እንደተጠቀለለ ይዩልኝ!»

ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነው። ዳር ዳሩ በእጅ የተጠለፈ፣ ዲላ ገበያ የማይገኝ።

«ይኼ የጌታ ቤት ዕቃ ነው፤ ሰርቃ ነው!»

«አልሰረቅኩም!» አሰፋች ቆጣ ብላ ወገቧን ያዘች። «እመቤት ነው የሰጠኝ። ውሰጂ አለችኝ፣ ወሰድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ነው ምግብ ያመጣሁ፤ አንተ አይደለህ የምትፈታው? ዛሬ ነው ዓይንህ የበራ?»

ወልደዮሐንስ ልብሱን ዘርግቶ አየ። መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቢጫ እድፍ አለ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ የቅጠል አረንጓዴ። ቀስ ብሎ የራሱን እጅጌ አነሣ። አስቀድሞ እርድ ያለውን ከጎኑ አስጠጋው። አንድ ናቸው።

«እመቤትሽ ለምን ሰጡሽ?»

«ስለተበላሸ ነው። ድመቱ አስታወከበት። ቅጠል ቅጠል ነው ያስታወከ። በሳሙና አሸሁ፣ በአመድ አሸሁ፤ ቢጫው እምቢ አለ። እመቤት ‹ይኼን ከዓይኔ አጥፊልኝ፣ ለማንም አታውሪ› አለች።»

«ድመቷ ያስታወከችው ቅዳሜ ነው?»

«ኧረ ሐሙስ ነው! ገበያው ቀን አጠብኩ። ከዚያማ ውኃ ውኃ ስትል ዋለች፤ የአበባውን ውኃ ሳይቀር ጠጣች።»

«ሐሙስ ግራዝማች ወተት ጠጥተዋል?»

አሰፋች የሞኝ ጥያቄ እንደሰማች አየችው።

«ጌታ ረቡዕ ይርጋጨፌ ሄዶ ዓርብ ማታ ነው የገባ። እሱ ከሌለ ወተት ሳሎን አይገባም። ሁሉም ለቅቤ ይገፋል።»

ደበበ የጠረጴዛውን ልብስ ቀስ ብሎ እንደ ነበረ አጠፈው።

«ጌታዬ» አለች አሰፋች፣ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሎ። «ድመት ሞተ አላችሁ። ነጠላ አለበሳችሁት። የእኔ ሰው ግን ልብሱ እንኳ አልተቀየረ። ዓርብ ትወስዱታላችሁ አሉ። እውነት ነው?»

ወልደዮሐንስ «አይደለም» ለማለት አፉን ከፈተና ተወው። ገና የሚያውቀው ወተቱ እንዳልሆነ ነው፤ ምን እንደሆነ አላወቀም። ግማሽ እውነት ይዞ ግራዝማች ፊት ቢቆም በከዘራ እንደሚመልሱት ደግሞ ያውቃል።

ቆቡን አድርጎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ከፈለኝን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

«ያንን ነጭ አበባ ከየት አመጣችሁት?»

«የፈረንጁን የፋሲካ አበባ? እኔ ነኛ ያመጣሁት! በፋሲካ ማግስት፣ ጨለለቅቱ ካለው ሚሲዮን፣ በላንድሮቨር። በየጉድጓዱ ‹ያዘው፣ ደግፈው› እያሉ ወይዘሮዋ ነፍሴን አወጧት።»

ከአዲስ አበባ ነው ያሉት ወይዘሮዋ ናቸው። ደግሞም ፋሲካ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ከፈለኝ ሳይጠየቅ እንደጨመረለትም፣ የመጀመሪያዋ ድመት የሞተችው አበባው በፈነዳ በሳምንቱ ነው።

*

ሐሙስ ማለዳ የቡና መኪና ተሳፍሮ ጨለለቅቱ ገባ። የሚሲዮኑን አትክልት የሚጠብቁት ወይዘሮ ውዳሴ የሚባሉ፣ የወንድ ቡት ጫማ የተጫሙ አሮጊት ናቸው። አበባውን ሲገልጽላቸው መኮትኮቻውን መሬት ላይ ተከሉት።

«ሰው ሞተ?»

«ድመት ነው የሞተው።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

አሮጊቷ በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በአጥሩ ማዶ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጥላ በእጃቸው አመለከቱት።

«እኔም ሦስት ነው የቀበርኩት፤ እዚያ ሥር። የሚሲዮናችን ፈረንጅ ነርስ ሥሩን ከአገሯ ስታመጣ ማን አወቀ? ፍየል በላው፣ ምንም አልሆነ። ውሻችን አኘከው፣ ትንሽ አስታወከና ተሻለው። ድመት ግን… ቅጠሉን ብትነክስ፣ ያ ቢጫ ዱቄት ጠጉሯ ላይ ቢያርፍና ብትልሰው፣ የቆመበትን ውኃ እንኳ ብትጠጣ አለቀላት። ነርሷ የአንዷን ሬሳ ሆድ ከፍታ አየች፤ ኩላሊቷን ነው የሚያደርቅባት አለች።»

«ወዲያው ትሞታለች?»

«የት! መጀመሪያ ታስታውካለች። ከዚያ የዳነች ትመስልሃለች። ውኃ ላይ ትጣዳለች። ምግብ ስታይ ይገለብጣታል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ታልቃለች።»

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ ሰኞ ሊነጋ ሲል። ወልደዮሐንስ በጣቱ ቆጠረ።

«ለምን ትበላዋለች ታዲያ?»

«ድመት አይደለችም? ሆዷን ለማጽዳት ሣር ትሻለች። ደጅ ያለች ሣሯን ነጭታ ትሄዳለች። ቤት የተዘጋባት ምን ታድርግ? ያገኘችውን ለምለም ትነጫለች። ለዚህ ነው አበባውን ከአጥር ውጭ ያወጣነው፤ ለቤቷ ድመት ደግሞ በጣሳ ገብስ ዘርቼላታለሁ። ያውልህ መስኮቱ ላይ።»

መስኮቱ ላይ የቡቃያ ጣሳ፣ ከጣሳው ጎን አንዲት ጥቁር ድመት ተኝታለች። ወልደዮሐንስ ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ የመጨረሻ ጥያቄውን ጠየቀ። ወይዘሮ ውዳሴ ሲመልሱለት የቀረበለትን ውኃ ሳይጠጣ ተሰናብቶ ወጣ።

*

ሳሎኑ እንደ ሰኞው ተዘግቷል። ሽታው ግን ብሷል፤ ሌሎች ሁለት እምቡጦች ፈንድተዋል። ግልገሏ ከማሰሮዎቹ መሐል ወጥታ አንዱን ቅጠል በእግሯ ትመታለች።

ወልደዮሐንስ አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረጋት። የጠረጴዛውን ልብስ አውጥቶ ከግራዝማች ፊት ዘረጋው። ሐሙስን፣ ይርጋጨፌን፣ ለቅቤ የተገፋውን ወተት፣ የመጋዘኑን ድመቶች፣ የጨለለቅቱን ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ነገራቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ግራዝማች በከዘራቸው መሬቱን መምታት ካቆሙ ቆይተዋል።

«አበባ?» አሉ በመጨረሻ።

«አበባ። የቆለፉባት ክፍል ውስጥ የነበረው ለምለም ነገር እሱ ብቻ ነው።»

«አንቺ ይኼን ታውቂያለሽ?»

ወይዘሮ የትምወርቅ ቀለበታቸውን አዞሩ። «አበባ ይገድላል ብዬ እንዴት አስባለሁ?»

«ወይዘሮ ውዳሴን ጠይቄያለሁ» አለ ወልደዮሐንስ። «ለወሰዱት ሴት ነግረዋቸው ነበር ወይ ብዬ።»

ሴትዮዋ ወደ ማሰሮዎቹ ዞሩ። ሲመልሱ ለባላቸው አልነበረም፤ ለአበባው ይመስል ነበር።

«‹ድመት ካለሽ ቤት አታስገቢው› አለችኝ። የባላገር ወሬ መሰለኝ። ሁለተኛዋ ስትሞት ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አላወጡትም?»

«እሑድ የገዥው ባለቤት ትመጣለች። ስለ አበባው ሰምታ ልየው ብላ ነው። ዲላ ላይ ይኼን የያዘ ማን አለ? ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው። ድመት ነው ብዬ ነው።»

«ቅዳሜ ሰው ታሰረ።»

«ከታሰረ በኋላማ እንዴት ብዬ ልናገር?» አሉ ድንገት ጮኸው። «ግራዝማችን የአገር መሳቂያ ላድርጋቸው? በገዛ ቤታቸው አበባ ጥፋት ሰው አሳሰሩ ይባል?»

ወልደዮሐንስ ለስድስት ቀን ደረቅ መሬት ላይ የተኛውን ሰው አሰበ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈታው፤ ያቺን ቃል እኚህ ሴት በየጠዋቱ ከቁርሳቸው ጋር ይውጧት ነበር።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መልካም። ደህና መርምረሃል። ይኼ ነገር ግን ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ሽብሩስ?»

«ሽብሩ ነገ ይሂድ። ይርጋለም አንድ ሁለት ወር ሰንብቶ በነፃ ይለቀቃል። ምንም አይሆን። ወንድሙም ክሱን ያነሣል፤ ይማርበታል።»

«ምንም እንዳላደረገ እያወቁ?»

«አንተ ልጅ፣ አገር የሚተዳደረው እንዴት እንደሆነ አልገባህም!»

«እኔ የተቀጠርኩት ወንጀል ልመረምር ነው ግራዝማች። እዚህ ቤት ያገኘሁት ወንጀል ደግሞ አንድ ነው፤ እሱንም ያደረገው ሽብሩ አይደለም።»

«ለገዥው እነግራለሁ! ነገሌ ይወረውሩሃል!»

«ይወርውሩኝ። ነገሌም ድመት አይጠፋም።»

ግልገሏን እንደያዘ ወጣ። ከኋላው የከዘራው ድምፅ እንደገና ጀመረ።

*

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሽብሩ ከእስር ወጣ። አሰፋች በሩ ላይ ትጠብቀዋለች፤ መቶ አለቃው ማታ የሰጣት ግልገል፣ አብሮ በመለሰላት የጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልላ፣ ክንዷ ላይ ተኝታለች። ልብሱን ሦስት ጊዜ አፍልታ ነው ያጠበችው፤ ከቤታቸው ደግሞ አበባ የለም። ግልገሏ በላችም ጠጣችም፣ አላስታወከችም።

የይርጋለሙ ጭነት መኪና ከደጅ ጥሩንባውን ነፋ።

«እስረኛው የታለ?» አለ ሹፌሩ።

«እስረኛ የለም፤ ሂድ!» አለ ደበበ። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞረ። «ኤግዚቢቱንስ ምን እናድርገው? ወተቱን?»

ወልደዮሐንስ ጠርሙሱን ለሽብሩ ሰጠው። «ወስደህ ከጓሮ ድፋልኝ።»

ሽብሩ ቀዩን ሰም በጥፍሩ ሰብሮ ቡሹን ነቀለ። አሸተተው። መድፋቱ አሳዘነው መሰለ፣ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ግራ መዳፉን ዘርግቶ ጥቂት አንጠባጠበበት፤ መዳፉን ወደ አፉ አድርጎ ጨለጠ። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ረግቷል እንጂ ደግ ነው ጌታዬ» አለና ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አቀረበለት።

ወልደዮሐንስ አልተቀበለውም። መዳፉን እያየ ነበር።

«አሁን ምን አደረግክ?»

ሽብሩ ደነገጠ። «ምን አደረግኩ ጌታዬ?»

«ቀመስክ።»

«እንደ ወጉ ነዋ። ሳይቀመስ ለጌታ ይሰጣል?»

«ቅዳሜስ? ቅዳሜም ቀምሰሃል?»

«ቅዳሜም። በየቀኑ። አሥራ አንድ ዓመት።»

«ማን ፊት?»

«ጌታ ፊት ነው። እመቤትም ነበረች። በፊታቸው ካልቀመስኩ ምን ዋጋ አለው?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ኧረ ተናግሬያለሁ» አለ ሽብሩ፣ ደበበን በዓይኑ ምስክር እየጠራ። «እንደ ወጉ አልኩ። እሱም ጻፈ።»

ደበበ አንገቱን ደፋ። ወልደዮሐንስም ሊቆጣው አልቻለም። ሰኞ ያቺን ቃል ራሱ አንብቦ አልፏታል፤ በስንት ትልልቅ ቤት ስንት አሽከር በፊቱ መዳፉን ሲልስ አይቶ ብርጭቆውን ተቀብሏል። በዚያ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ወተቱን ጠጥቶ፣ ምንም ሳይሆን፣ በሁለት እግሩ ፊታቸው ቆሞ ነበር። እነሱ ግን ድመቷን ያዩ ነበር።

ጠርሙሱን ተቀብሎ አንድ ጉንጭ ጠጣለት። ጎምዛዛ ነበር። ከዚያ ቢሮው ገብቶ መዝገቡን ከኪሱ አወጣ፤ ብዕሩን ቀለም ነክሮ «እንደ ወጉ አቀረብኩ ብሏል» ከሚለው ጎን፣ በጠባቡ ኅዳግ ላይ፣ ለሚያነበው ሁሉ በሚታይ ጉልህ ፊደል ጻፈ፤

«ከድመቷ በፊት የቀመሰ ሰው ነበረ። ስሙ ሽብሩ ነው።»

ፈረመበት።